የካርታው ኃይልና የካርታው ዋጋ፦ ከጃፓን የጭራቅ ካርታ እስከ ፖኬሞን

ጨዋታ የሰው ልጅ ከሥራ የተረፈውን ጊዜ የሚገፋበት መዝናኛ ብቻ ሆኖ አያውቅም። የአንድ ኅብረተሰብ ልጆች የሚጫወቱት ጨዋታ፣ ያ ኅብረተሰብ ኃይልን እንዴት እንደሚመለከት፣ ሀብትን እንዴት እንደሚያከማች፣ ብልኀትንም ከዕድል እንዴት እንደሚለይ በትንሹ የሚያሳይ መስተዋት ነው። በገበጣ ዙሪያ የተቀመጠ ልጅ ቁጥርን ያሰላል፤ ሰንጠረዥ የሚጫወት ሽማግሌም የጦር አሰላለፍን ያውጠነጥናል። በሁለቱም ጨዋታዎች ተጋጣሚዎቹ የሚቀርቡት እኩል ጠጠርና እኩል ሠራዊት ይዘው ነው። ከሃያኛው ምዕተ ዓመት ማብቂያ ወዲህ ግን ከዚህ በእጅጉ የተለየ ጨዋታ በዓለም ተስፋፍቷል። ይኸውም ተጫዋቹ ሠራዊቱን ከገበያ ገዝቶ፣ ከጓደኛው ጋር ተለዋውጦ፣ መርጦና አደራጅቶ የሚቀርብበት የስብስብ ካርታ ጨዋታ ነው።

ከእነዚህ ጨዋታዎች መካከል እጅግ የታወቀው ፖኬሞን የተሰኘው የጃፓን የምናባዊ አውሬዎች ካርታ ነው። በዚህ ጨዋታ ታሪክ ውስጥ አንድ ጥያቄ ደጋግሞ ይነሣል። ኃያል ካርታ የሚባለው የትኛው ነው? ገበያው አንድ መልስ ይሰጣል፤ የመጫወቻው ጠረጴዛ ደግሞ ሌላ። በሁለቱ መልሶች መካከል ያለው ልዩነት እንዴት እንደተፈጠረና ምን እንዳስከተለ መመርመር፣ ስለ ጨዋታ ብቻ ሳይሆን ስለ ዋጋ ምንነትም ብዙ ያስተምራል። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ካርታ ወደ ጃፓን እንዴት ገባ?

የመጫወቻ ካርታ ወደ ጃፓን የገባው በ16ኛው ምዕተ ዓመት ከፖርቱጋል መርከበኞች ጋር ነው። ፖርቱጋሎች በ1541 ነፍጥ ይዘው በምጽዋ በኩል ወደ ኢትዮጵያ በገቡ በሁለት ዓመት ውስጥ፣ በ1543፣ ሌሎች ወገኖቻቸው በታኔጋሺማ ደሴት የጃፓንን ምድር ረገጡ። እነርሱ «ካርታ» ያሉትን ጃፓኖች በአንደበታቸው «ካሩታ» አሉት። ይህ ቃል አማርኛው ካርታ ከሚለው ቃል ጋር ከአንድ የላቲን ግንድ የበቀለ ነው።

ካርታ በገባበት አገር ሁሉ ቁማር ተከትሎት እንደሚገባ የታወቀ ነው። በጃፓንም የሆነው ይኸው ነበር። የቶኩጋዋ ገዥዎች ቁማርን ለመግታት ካርታዎችን በተደጋጋሚ አገዱ፤ አታሚዎቹም በበኩላቸው አንዱ ሲታገድ ሌላ ሥዕል ያለው ካርታ እያወጡ ክልከላውን ያልፉት ነበር። ከዚህ የረጅም ጊዜ ድብብቆሽ በኋላ ጸንቶ የቀረው፣ ቁጥር የማይጻፍበትና 12ቱን ወራት በአበቦችና በዕፀዋት ሥዕል የሚወክለው ባለ 48 ቅጠል የአበባ ካርታ፣ ማለትም ሃናፉዳ ነው። በ1889 ፉሳጂሮ ያማውቺ የተባለ የእጅ ጥበብ ባለሙያ በኪዮቶ ከተማ ሃናፉዳ የሚሠራበት አነስተኛ ድርጅት አቋቋመ። ዛሬ ኒንቴንዶ በሚል ስም በመላው ዓለም የሚታወቀው ኩባንያ መነሻው ይኸው የካርታ ቤት ነበር።

ጭራቅን በካርታ ላይ መሣልም ቢሆን የትናንት ፈጠራ አይደለም። ሠዓሊው ቶሪያማ ሴኪየን በ1776 የጃፓንን የተረት ጭራቆችና መናፍስት በሥዕል አሰባስቦ በመጽሐፍ አሳትሞ ነበር። በዚያው በኤዶ ዘመን «ኦባኬ ካሩታ» የተባለ የልጆች ጨዋታ ተስፋፋ። በእያንዳንዱ ካርታ ላይ አንድ ጭራቅና አንድ ፊደል ይሣላሉ፤ አንባቢው ፍንጩን ሲያሰማ ልጆቹ ተሽቀዳድመው ካርታውን ያነሣሉ፤ ብዙ ጭራቅ የሰበሰበም ያሸንፋል። በዚህ ጨዋታ የአንዱ ጭራቅ ካርታ ከሌላው አይበልጥም ነበር። ኃይሉ ያለው ፊደልን ለይቶ በሚያውቅ ዓይንና በፈጣን እጅ ነው።

የአዲሱ ጨዋታ መወለድ

የካርታ ጨዋታን መልክ ከሥር የለወጠው ሐሳብ የመጣው ከአሜሪካ ነው። በ1993 ሪቻርድ ጋርፊልድ የተባለ የሒሳብ ሊቅ «ማጂክ፦ ዘ ጋዘሪንግ» የተሰኘውን ጨዋታ ለገበያ አቀረበ። ካርታዎቹ በታሸገ መጠቅለያ ይሸጣሉ፤ ገዢው በውስጡ ምን እንዳለ አስቀድሞ አያውቅም፤ አንዳንዱ ካርታ በብዛት ሲታተም አንዳንዱ ብርቅ ይሆናል። ጋርፊልድ ያሰበው፣ እያንዳንዱ ሰው ጥቂት ካርታ ብቻ ስለሚገዛ ብርቱዎቹ ካርታዎች በየሰፈሩ ተበታትነው ይቀራሉ ብሎ ነበር። ገበያው ግን ከሐሳቡ ቀደመ። ገንዘብ ያለው ብርቱዎቹን ለቅሞ ገዛ። ያለ አንዳች ወጪ ሦስት የአስማት ኃይል የሚያስገኘው «ጥቁር ሎተስ» የተባለው ካርታ ብርቅም ብርቱም በመሆኑ፣ ያለውና የሌለው ተጫዋች እኩል ሆነው የማይቀመጡበት ሁኔታ ተፈጠረ። የጨዋታው መሪዎች በ1994 መጀመሪያ የክልከላና የገደብ ዝርዝር ለማውጣት የተገደዱት በዚህ ምክንያት ነው።

በጃፓን ደግሞ በልጅነቱ ነፍሳት እየለቀመ ያደገው ሳቶሺ ታጂሪ፣ ያንን የልጅነት ደስታ ወደ ኤሌክትሮኒክስ ጨዋታ ለውጦ በፌብሩዋሪ 1996 የመጀመሪያዎቹን የፖኬሞን ጨዋታዎች አወጣ። ስሙ «የኪስ ጭራቆች» ከሚለው የእንግሊዝኛ ሐረግ ያጠረ ሲሆን፣ ፍጡራኑ በቁጥር 151 ነበሩ። የማጂክን ጨዋታ ጠንቅቆ የሚያውቀው ጽኔካዙ ኢሺሃራና የሥራ ባልደረቦቹ እነዚህን ፍጡራን ወደ ካርታ አመጧቸው። የመጀመሪያው እትም በኦክቶበር 1996 በጃፓን፣ 102 ካርታዎችን የያዘው የእንግሊዝኛ እትም ደግሞ በጃንዋሪ 1999 በአሜሪካ ወጣ።

የጨዋታው ሕግ ልጅ የሚገነዘበው ነው። ተጫዋቹ 60 ካርታ ያደራጃል፤ ከመሠረታዊ የኃይል ካርታዎች በቀር አንድ ዓይነት ካርታ ከአራት በላይ አይፈቀድም። ከተበወዘው ቁልል ሰባት ይሰጠዋል። አንድ ፍጡር ፊት ለፊት ይዋጋል፤ እስከ አምስት የሚደርሱ ደግሞ በተጠባባቂነት ይሰለፋሉ። የኃይል ካርታ በአንድ ተራ አንድ ብቻ ይለጠፋል። የተጋጣሚውን ፍጡር በጣለ ቁጥር አንድ የሽልማት ካርታ ያነሣል፤ ስድስቱንም የጨረሰ ያሸንፋል። ተራው ደርሶ ከቁልሉ የሚስበው ካርታ ያጣ ደግሞ ይሸነፋል።

ዘንዶውና ቡጢኛው

ከ102ቱ ካርታዎች የልጆችን ልብ የሰረቀው ቻሪዛርድ ነበር። በሠዓሊው ሚጽሂሮ አሪታ እጅ የተሣለው ይህ ክንፋም ዘንዶ እሳት ሲተፋ የሚታይ ሲሆን፣ ሥዕሉ የሰፈረበትም የሚያንጸባርቅ ወረቀት ነው። የሕይወት ነጥቡ 120፣ በአንድ ምት የሚያደርሰው ጉዳት 100 ነበር። በጽሑፍ ላይ ሲነበብ ከእርሱ የሚበልጥ ያለ አይመስልም። ልጆች ጓደኞቻቸው እንዳይነኩት በፕላስቲክ ልባስ አድርገው ያስቀምጡት ጀመር።

ነገር ግን በውድድር ጠረጴዛ ላይ የቻሪዛርድ ታላቅነት ጊዜ የሚበላ ታላቅነት ሆኖ ተገኘ። እርሱን ለማውጣት በመጀመሪያ ቻርማንደር፣ ቀጥሎ ቻርሚሊዮን፣ በመጨረሻም ራሱ ቻሪዛርድ በቅደም ተከተል መምጣት አለባቸው። ምቱን ለመሰንዘር አራት ኃይል ያስፈልገዋል፤ እጥፍ ኃይል የሚሰጥ ልዩ ካርታ ካልታከለበት ይህ ማለት አራት ተራ ነው። ከመታ በኋላም ሁለት የኃይል ካርታዎቹን ይጥላል። ስለዚህ ዘንዶው አንድ ጊዜ ለመተኮስ ረጅም ጊዜ እንደሚሞላ መድፍ ነበር።

ሂትሞንቻን የተባለው ቡጢኛ በአንጻሩ እድገት አያሻውም፤ እንደተሰለፈ ይዋጋል። የሕይወት ነጥቡ 70 ብቻ ቢሆንም በአንድ የኃይል ካርታ 20 ጉዳት ያደርሳል። ስሌቱ ግልጽ ነው። ዘንዶው ገና ጫጩት ሳለ፣ ማለትም ቻርማንደር ሳለ፣ ያለው የሕይወት ነጥብ 50 ነው። ቡጢኛው በመጀመሪያው ተራ 20 ይመታል፤ በሁለተኛው ተራ ጉዳትን በ10 የሚጨምረውን የድጋፍ ካርታ አክሎ 30 ይመታል። ድምሩ 50 ይሆናል፤ ዘንዶው ክንፍ ሳያወጣ ያልቃል።

እርግጥ ቻሪዛርድ አንድ ጊዜ ካደገ ቡጢኛው አቅም ያጣል፤ ዘንዶው የቡጢኞችን ጉዳት በ30 የመቀነስ ተፈጥሮ አለውና። ብልሆቹ ተጫዋቾች ይህን ስለተገነዘቡ ቡጢኛውን ብቻውን አላሰለፉም። የመብረቅ ወገን የሆነውን ኤሌክታባዝን፣ በኋላም በ1999 አጋማሽ በወጣው ሁለተኛ እትም የመጣውንና ያለ ወጪ ወደ ተጠባባቂነት መመለስ የሚችለውን ሳይዘርን ጨመሩለት። ሦስቱም እድገት የማይሹ፣ እያንዳንዳቸው 70 የሕይወት ነጥብ ያላቸው ናቸው። ይህ አደረጃጀት በእንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ዘንድ «ሄይሜከር» ተባለ፤ በቡጢ ስፖርት ቋንቋ በሙሉ ኃይል የሚሰነዘር ከባድ ምት ማለት ነው።

የማያንጸባርቁት ካርታዎች

የሄይሜከር እውነተኛ ጉልበት ግን በተዋጊዎቹ ላይ ብቻ የተመሠረተ አልነበረም። ከፍጡራኑ ጀርባ የሚሠሩ፣ የሚያብለጨልጭ ሥዕል የሌላቸው፣ ብዙ ልጆች ከመጠቅለያ ሲያወጧቸው የሚያዝኑባቸው «የአሰልጣኝ» ካርታዎች ነበሩ። «ቢል» ሁለት ካርታ ያስስባል። «የነፋስ ሽውታ» የተጋጣሚን ተጠባባቂ ፍጡር ጎትቶ ወደ ፊት ያወጣል። «ኃይል ነጣቂ» ከተጋጣሚ ፍጡር አንድ የኃይል ካርታ ያስጥላል። ሦስቱም በብዛት ከሚታተሙት ተራ ካርታዎች ወገን ናቸው። ከእነርሱ በመጠኑ ከፍ የሚለው «ፕሮፌሰር ኦክ» ደግሞ ተጫዋቹ በእጁ ያለውን ሁሉ ጥሎ ሰባት አዲስ ካርታ እንዲስብ ያደርገዋል።

እጅን ሙሉ በሙሉ መጣል ለጀማሪ ልጅ ኪሣራ መስሎ ይታየዋል። የሒሳብ መምህር ግን ሌላ ነገር ያያል። ከ60 ካርታ ውስጥ አራት ቅጂ ያለውን አንድ ካርታ ከመጀመሪያዎቹ ሰባት መካከል የማግኘት ዕድል ከመቶ 40 ያህል ነው። የታዩት ካርታዎች 14 ሲደርሱ ይኸው ዕድል ከመቶ 66 ያልፋል። ስለዚህ «ፕሮፌሰር ኦክ» የሚሸጠው ካርታ ሳይሆን ጊዜ ነው፤ በአንድ ተራ የሰባት ተራ ያህል መንገድ ያስኬዳል። «ኃይል ነጣቂ»ም እንደዚሁ ጊዜ ቀማኛ ነው። በአንድ ተራ አንድ ኃይል ብቻ በሚለጠፍበት ጨዋታ፣ አንድ ኃይል መንጠቅ ከተጋጣሚው ሕይወት አንድ ሙሉ ተራ መንጠቅ ነው። አራት ኃይል ለሚጠብቀው ዘንዶ ይህ ሞት ሲሆን፣ በአንድ ኃይል ለሚመታው ቡጢኛ ግን እምብዛም አይጎዳም።

በዚህ ዘመን አንድ ተጫዋች በአንድ ተራ የሚያወጣው የአሰልጣኝ ካርታ ቁጥር አልተገደበም ነበር። በመሆኑም ከሄይሜከር ሌላ የተነሡት ብርቱ አደረጃጀቶችም የቆሙት በእነዚሁ የድጋፍ ካርታዎች ላይ ነው። ብላስቶይዝ የተባለው የውኃ ፍጡር፣ ባለቤቱ የፈለገውን ያህል የውኃ ኃይል በአንድ ተራ እንዲለጥፍ ስለሚፈቅድ «የዝናብ ጭፈራ» የተሰኘውን አደረጃጀት አስገኘ። አላካዛም ደግሞ ጉዳትን ከአንዱ ፍጡር ወደ ሌላው እያሸጋገረ፣ ማንም ሳይወድቅ ተጋጣሚው ቁልሉን ጨርሶ እንዲሸነፍ የሚያደርግ የመከላከል ስልት ወለደ። አንዱ የፍጥነት፣ ሁለተኛው የጎርፍ፣ ሦስተኛው የምሽግ ስልት ነው ማለት ይቻላል። ብላስቶይዝና አላካዛም ሦስት ደረጃ የሚያድጉ ቢሆኑም ከቻሪዛርድ የሚለዩበት ምክንያት አለ፤ የእነርሱ ችሎታ ለሌሎች ጓዶቻቸው የሚተርፍ ሲሆን፣ የዘንዶው ችሎታ ግን ለራሱ ብቻ ነበር።

ሂትሞንቻንም ቢሆን በመጀመሪያው እትም ከሚያንጸባርቁት ብርቅ ካርታዎች አንዱ ስለነበር፣ ብርቅነትና ብርታት ጨርሶ አልተገናኙም ማለት አይደለም። ሆኖም ዋጋው ከዘንዶው ጋር አይወዳደርም ነበር። ሁለቱም እኩል ብርቅ ሲሆኑ ደካማው ተወደደ፤ ብርቱው ረከሰ።

ሕግ አውጪዎቹ ምን አደረጉ?

የጥቂት ካርታዎች የበላይነት ሲጸና ጨዋታው ወደ ድግግሞሽ ያዘነብላል። የተለያዩ 100 ፍጡራን እያሉ ሦስቱ ብቻ ከተሰለፉ የቀሩት ጌጥ ብቻ ይሆናሉ። የጨዋታው ኃላፊዎች ለዚህ ችግር ሦስት ዓይነት መፍትሔ ፈለጉ። አንደኛው፣ በ2000ዎቹ መጀመሪያ የቀድሞዎቹን እትሞች ከውድድር የሚያስወጣ የተሻሻለ ሥርዓት መዘርጋት ነበር። ሁለተኛው እገዳ ነው፤ ስኒዝል የተባለው ፍጡር ሁለት ኃይል ብቻ ይዞ፣ ሳንቲም በቀና ቁጥር እስከ 120 የሚደርስ ጉዳት ያደርስ ስለነበር ከዚሁ ከተሻሻለው ሥርዓት ታገደ። ስሎውኪንግም የእንግሊዝኛው ትርጉም ሲዘጋጅ በተፈጠረ ስሕተት ከታሰበለት በላይ ኃያል ሆኖ በመገኘቱ ተመሳሳይ ዕጣ ገጠመው። በአንድ ዓረፍተ ነገር ትርጉም ላይ የደረሰ ጉድለት የአንድ ጨዋታን ሚዛን ሊያዛባ እንደሚችል ይህ ጥሩ ምሳሌ ነው።

ሦስተኛውና ዘላቂው መፍትሔ ግን የድጋፍ ካርታዎችን ጉልበት መግራት ሆነ። በ2002 በእንግሊዝኛ የወጣው እትም በአንድ ተራ አንድ ብቻ የሚፈቀድ «ደጋፊ» የተሰኘ አዲስ የካርታ ክፍል አስተዋወቀ። የፕሮፌሰር ኦክም አዲሱ ካርታ እጅን ወደ ቁልል ቀላቅሎ ሰባት ሳይሆን አምስት የሚያስስብ ሆነ። «ኃይል ነጣቂ»ም በ2003 ሲመለስ ሳንቲም ተወርውሮ ካልቀና የማይሠራ ሆኖ ተመለሰ። ሕግ አውጪዎቹ የገሩት ዘንዶውን ሳይሆን ፕሮፌሰሩን መሆኑ፣ እውነተኛው ኃይል የት እንደነበር የሚያረጋግጥ ምስክር ነው።

ገበያውና ልጆቹ

በጠረጴዛው ላይ ይህ ሁሉ ሲሆን በገበያው ላይ ሌላ ታሪክ ይካሄድ ነበር። በ1999 የካርታው ፍላጎት እጅግ በመናሩ በአሜሪካና በብሪታንያ የሚገኙ በርካታ ትምህርት ቤቶች ጠብን፣ ስርቆትንና ያልተመጣጠነ ልውውጥን ለመግታት ካርታውን ከግቢያቸው አገዱ። በዚያው ዓመት በካሊፎርኒያ፣ ይዘቱ በማይታወቅ መጠቅለያ ብርቅ ካርታ እያሰቡ መግዛት ቁማር ነው የሚል ክስ ቀረበ። በ2001 የሳውዲ ዓረቢያ የሃይማኖት ባለሥልጣናት ጨዋታውን ከሌሎች ምክንያቶች ጋር በቁማርነት ወንጅለው አወገዙት። በ2002 ደግሞ አንድ የአሜሪካ የፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት፣ በመሰል የካርታ ክሶች ላይ በሰጠው ውሳኔ፣ ብርቅ ካርታ ባለማግኘት የሚደርስ ቅሬታ በንብረት ላይ እንደደረሰ ጉዳት አይቆጠርም አለ። የቶኩጋዋ ገዥዎች ከሃናፉዳ አታሚዎች ጋር የገጠሙት ሙግት ከብዙ ዘመን በኋላ በሌላ አገር፣ በሌላ መልክ ተመለሰ ማለት ነው።

ልጆቹ ግን ፍርድ ቤት ከመናገሩ በፊት ትምህርቱን አግኝተው ነበር። የኪስ ገንዘቡን ሁሉ ዘንዶውን ፍለጋ ያፈሰሰው ልጅ፣ ያገኘውን ዘንዶ ይዞ ወደ ውድድር ሲቀርብ፣ ተራ ካርታዎችን በጥንቃቄ ባደራጀ እኩያው እጅ ይወድቃል። ያ ልጅ በገዛ ገንዘቡ የገዛው ብርቅነትን እንጂ ኃይልን እንዳልነበረ የሚገነዘበው በዚያ ሰዓት ነው።

ገበያው ይህን ልዩነት ከዓመት ዓመት አሰፋው። የመጀመሪያ እትም ማኅተም ያለበትና ምንም ጭረት ያልነካው ቻሪዛርድ በ2022 በ420,000 ዶላር ተሸጠ፤ ማኅተሙ ግን በጨዋታው ሕግ አንዲት ነጥብ እንኳ አይጨምርለትም። ከዚህ የባሰም አለ። በ1997 እና በ1998 በጃፓን በተካሄዱ የሥዕል ውድድሮች ላሸነፉ ልጆች በሽልማት የተሰጠው የፒካቹ ካርታ አንድ ቅጂ በ2021 በ5,275,000 ዶላር እጅ ለውጧል። ይህ ካርታ የምስክር ወረቀት እንጂ መጫወቻ አይደለም። ከካርታዎች ሁሉ በላይ የተከፈለበት ካርታ ጨርሶ ሊጫወቱበት የማይቻል መሆኑ፣ የሚሸጥበት ዋጋና የሚያገለግልበት ዋጋ ምን ያህል ሊራራቁ እንደሚችሉ ከማንኛውም ማብራሪያ በላይ ያሳያል።

በአንጻሩ ከ2004 ጀምሮ በሚካሄደው የዓለም ሻምፒዮና አሸናፊ የሆኑ አደረጃጀቶች፣ ጀርባቸው ተለይቶ፣ ለውድድር እንዳያገለግሉ ተደርገው፣ በመጠነኛ ዋጋ እየታተሙ ይቀርባሉ። ሰብሳቢ እነዚህን አይፈልጋቸውም። አንድ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ግን የሻምፒዮኑን 60 ካርታ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ፣ ይህ ለምን አራት፣ ያ ለምን ሁለት ብቻ ሆነ ብሎ ሊመረምር ይችላል። ለመምህር የሚጠቅመው ይኸኛው ነው።

እስከ ማርች 2024 ድረስ ከ64 ቢሊዮን በላይ የፖኬሞን ካርታዎች ታትመዋል። የዘንዶውን ሥዕል የማረከ ውበት እንደ ቀላል የሚታይ አይደለም፤ የሠዓሊው እጅ አንድን ቁራጭ ወረቀት ለብዙ ሺህ ልጆች የሕልም መኖሪያ ማድረጉ የኪነ ጥበብ ኃይል ምን ያህል እንደሆነ ይመሰክራል። ጥፋቱ ልጁ ሥዕሉን በመውደዱ አይደለም። የሥዕሉን ውበት፣ የካርታውን ብርቅነትና የካርታውን ብርታት አንድ አድርጎ እንዲያያቸው መደረጉ ነው። ሦስቱን ለይቶ የሚያይ ልጅ ዘንዶውን በግድግዳው ላይ ይሰቅላል፤ ቡጢኛውንና ፕሮፌሰሩን ግን በእጁ ይዞ ወደ ጠረጴዛው ይቀርባል።